ዲጂታል ብር ቢመጣ ማን ይፈርማል? ጥያቄና መልስ

ብሔራዊ ባንክ ዲጂታል ብር ቢያወጣ ዝውውሩ በምን ይጠበቃል ለሚለው የመጡትን ጥያቄዎች እያጣመርኩ ልመልስ። የግሽበቱና የፖሊሲው ጉዳይ ለሌላ ቀን ይቆየን፤ ዛሬ ፊርማውን ብቻ ነው የማየው። ፊርማ ስል በእጅ የሚጻፈውን ሳይሆን፣ ባለቤቱ ብቻ በሚይዘው የግል ቁልፍ (ምስጢራዊ ቁጥር) የሚሠራውንና ማንም ሰው ከእሱ ጋር በተጣመረው ይፋዊ ቁልፍ የሚፈትሸውን ዲጂታል ማረጋገጫ ነው።

ጥያቄ፦ ቴሌብር እያለን ምን ልዩነት ያመጣል?

መልስ፦ በሞባይል ዋሌት የምናየው ቀሪ ሂሳብ በባንክ የተቀመጠ ገንዘብ ወኪል ነው። ዲጂታል ብር ግን እንደ ወረቀቱ ብር ማዕከላዊ ባንኩ ራሱ ዕዳዬ የሚለው ገንዘብ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ለገሃር ቡና እሸጣለሁ። ሰው ስልኩን አሳይቶኝ «ልኬያለሁ» ብሎ ይሄዳል፤ በኋላ ሳይ ገንዘቡ የለም። ፊርማው ይህን ያስቀርልኛል?

መልስ፦ ያስቀርልዎታል እህቴ፣ ግን የሚያረጋግጠው የእርስዎ ስልክ ከሆነ ብቻ ነው። በሰው ስክሪን ላይ የሚታይ ምስል ምንም አያረጋግጥም። የደንበኛው ፊርማ ብቻውንም አይበቃም፤ በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ላይም እኮ ፊርማው ትክክለኛ ነው። የሚያስፈልግዎት ዋናው መዝገብ (የሁሉም ሂሳብ የተጻፈበት ሰርቨር) ገንዘቡን ካዛወረ በኋላ በራሱ ቁልፍ የፈረመው ደረሰኝ ነው። የመዝገቡ ይፋዊ ቁልፍ ቀድሞ አፑ ውስጥ ስለሚቀመጥ ስልክዎ ደረሰኙን ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይፈትሸዋል።

ጥያቄ፦ የዋሌት አፕ እንሠራለን። ደንበኛው የሚፈርመው በትክክል ምኑን ነው?

መልስ፦ ብዙው ጥፋት እዚህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ። መልእክቱ ርዝመቱ የማይለዋወጥ ይሁን፦ ስሪት 1 ባይት፣ የሙከራ ወይም የእውነተኛ መረብ መለያ 1፣ ላኪ 16፣ ተቀባይ 16፣ መጠን 8፣ ተራ ቁጥር (አንድ ዝውውር ሁለቴ እንዳያልፍ) 8፣ ማብቂያ ጊዜ 8። ድምሩ 58 ባይት ነው።

መጠኑ በሳንቲም፣ ያለ ነጥብ ይጻፍ፤ 1,500 ብር ማለት 150000 ነው። «1500.0» እና «1,500.00» ለሰው አንድ ቢሆኑም ሃሻቸው (ከጽሑፉ የሚሰላው አጭር አሻራ) ፈጽሞ አይገናኝም፤ አንዱ ላይ የተፈረመው ሌላው ላይ ይወድቃል። የተቀባዩን ስም አታስፈርሙ። «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» ስናነባቸው አንድ ናቸው፤ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን ወደ ባይት መቀየሪያ ደንብ) 3 ባይት ስለሚይዝና «ፀ» እና «ጸ» የተለያየ ኮድ ስላላቸው ለፊርማው ግን ሁለት ሰዎች ናቸው። የሚፈረመው የሂሳብ መለያው ነው፤ ስሙ ለዓይን ብቻ ይታይ። ሰዓትም እንዲሁ። የእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) 11:00 ነው፤ ዘመን አቆጣጠራችንም የተለየ ነው። ስለዚህ ማብቂያ ጊዜውን በዩኒክስ ሰከንድ (እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1970 ጀምሮ በሚቆጠር ሰከንድ) ጻፉ፤ በእኛ አቆጣጠር ማሳየቱ የስክሪኑ ሥራ ነው።

የመረብ መለያውን ደግሞ እንዳትዘሉት፤ ካልገባ በሙከራ ላይ የተፈረመ ዝውውር በእውነተኛው መዝገብም ሊያልፍ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሰርቨሩስ በምን ቅደም ተከተል ይፈትሽ?

መልስ፦ ርዝመቱን፣ ከዚያ ፊርማውን፣ ከዚያ ማብቂያ ጊዜውን፣ ተራ ቁጥሩን፣ ቀሪ ሂሳቡን። ሦስት ነገር ልብ በሉ። ይፋዊውን ቁልፍ ከመዝገቡ አውጡ እንጂ ከመጣው መልእክት አትውሰዱ፤ አለዚያ ሌባ በራሱ ቁልፍ ፈርሞ ቁልፉን አብሮ ይልክላችኋል፣ ፊርማውም «ትክክል» ይላል። ተራ ቁጥሩን ማየት፣ ቀሪውን ማየትና መቀነስ ደግሞ ባንድ የማይነጣጠል ክንውን ውስጥ ይሁኑ። ከተነጣጠሉ በአንድ ቅጽበት የገቡ ሁለት ዝውውሮች ያንኑ ብር አይተው ሁለቱም ያልፋሉ። ዝውውሩን በፊርማው ባይቶች እየለያችሁ «ይህ አልፏል» አትበሉ፤ ኢሲዲኤስኤ በሚባለው የፊርማ ስልት ለአንድ መልእክት ያለ ቁልፉ ሌላ ትክክለኛ ፊርማ ከመጀመሪያው ማውጣት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ኢሲዲኤስኤ ወይስ ኢዲ25519?

መልስ፦ ሁለቱም የፊርማ ስልቶች ናቸው፤ ምርጫው በእጄ ቢሆን ኢዲ25519። በተለመደው ባለ 256 ቢት ቁልፍ የሁለቱም ጥሬ ፊርማ 64 ባይት ነው። ግን ኢሲዲኤስኤ ለእያንዳንዱ ፊርማ አዲስ የዘፈቀደ ቁጥር ይፈልጋል፤ ያ ቁጥር ሁለት ጊዜ ከተደገመ የግል ቁልፉ በተራ አልጀብራ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 የፕሌይስቴሽን 3 የፊርማ ቁልፍ የተጋለጠው በዚሁ ነው። ኢዲ25519 ቁጥሩን ከቁልፉና ከመልእክቱ ራሱ ያወጣል። የስልኩ ቁልፍ ጠባቂ ቺፕ የሚያውቀው ኢሲዲኤስኤን ብቻ ከሆነ ግን ቁልፉን ከቺፑ አውጥቶ ሶፍትዌር ላይ ማስቀመጥ የባሰ ነው፤ በእሱው ሥሩ።

ጥያቄ፦ ኔትወርክ ሲጠፋስ?

መልስ፦ ፊርማ አንድን ብር ሁለት ቦታ ከመክፈል አያግድም፤ ሁለቱም ላይ በትክክል መፈረም ይቻላልና። ያለ ኔትወርክ የሚያግደው፣ ፈርሞ ቀሪውን የሚቀንስና ወደ ኋላ የማይመለስ ቺፕ ነው። ቺፕ ደግሞ ይሰበራል፤ ስለዚህ የገንዘብ ጣሪያ ይደረግለታል፣ ተመልሶ ሲገናኝም መዝገቡ ያመሳክራል።

ጥያቄ፦ አያቴ የያዘችው ተራ ስልክ ነው።

መልስ፦ በዩኤስኤስዲ (በኮከብና በመሰላል ምልክት በሚደወለው አገልግሎት) ብቻ ከሆነ የምትልከው ፒን ነው፤ የሚፈርመው ሰርቨሩ ነው። ይሠራል፣ ግን ክርክር ቢነሳ «እኔ አልፈረምኩም» ብትል እውነቷን ነው። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 አለን፤ አዋጁ ግን ቁልፉ በማን እጅ እንደነበር አይነግረንም። የተሻለው ቁልፉን ሲም ካርዱ ውስጥ ማኖር ነው። 58 ባይት መልእክትና 64 ባይት ፊርማ 122 ይሆናል፤ አንድ ኤስኤምኤስ 140 ባይት ስለሚይዝ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ኳንተም ኮምፒውተር ሲመጣ ይህ ሁሉ ይፈርሳል ይባላል።

መልስ፦ ኢሲዲኤስኤም ኢዲ25519ም በቂ አቅም ላለው ኳንተም ኮምፒውተር አይቋቋሙም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2024 የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት፣ ኳንተምን እንዲቋቋም የተሠራውን የፊርማ ስልት ኤምኤል-ዲኤስኤን ደረጃ አድርጎ አውጥቷል። ትንሹ ፊርማው 2,420 ባይት ነው፤ የአያትየው አንድ ኤስኤምኤስ ወደ ሃያ ይጠጋል ማለት ነው። ስለዚህ ከላይ ያልኩት የስሪት ባይት ጌጥ አይደለም፤ ነገ ስልተ ቀመሩን መቀየሪያ በር ነው።

ጥያቄ፦ በማዕከላዊ ባንኩ በኩል ምን ሊበላሽ ይችላል?

መልስ፦ ሰው የሚፈራው የማተሚያ ቁልፉ (አዲስ ዲጂታል ብር የሚወጣበት) ይሰረቃል ብሎ ነው። እሱ ከአምስት ኃላፊዎች ሦስቱ ካልተገኙ በማይከፈት ኤችኤስኤም (ልዩ የቁልፍ መጠበቂያ መሣሪያ) ውስጥ ይቀመጣል፣ ከዕለት ሥራ ቁልፎችም ይለያል። በተግባር ግን ተራ ነገር ነው የሚጥለው። የምሥራቅ ካሪቢያን ማዕከላዊ ባንክ ዲጂታል ገንዘብ ዲካሽ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ሁለት ወር ገደማ ቆሞ ነበር፤ ምክንያቱ ጊዜው ያለፈበት ሰርተፊኬት (ሰርቨሮች እርስ በርስ የሚተዋወቁበት ዲጂታል መታወቂያ) ነው። ቁልፍ አልተሰረቀም፣ ሒሳቡም አልተሰበረም። የእያንዳንዱ ሰርተፊኬት ማብቂያ ቀን በአንድ ሰንጠረዥ ይመዝገብ፤ 90፣ 30 እና 7 ቀን ሲቀረው ከአንድ ሰው በላይ ይጠራ፤ እድሳቱም አስቀድሞ በሙከራ መረብ ላይ ይለማመድ።

ጥያቄ፦ ስልኬ ፒያሳ ታክሲ ውስጥ ቢሰረቅ ብሬ ጠፋ?

መልስ፦ መዝገቡ ላይ ያለው አይጠፋም። ስልኩ ጋር የሄደው ቁልፉ ነው። ደውለው የድሮውን ያሰርዛሉ፣ በፋይዳ መታወቂያዎ ቀርበው አዲስ ያስመዘግባሉ። የተሰረዘበት ሰከንድ መመዝገቡን ያረጋግጡ፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ፊርማ ሁሉ ውድቅ ነው፣ ከዚያ በፊት የወጣው ግን ያከራክራል። ያለ ኔትወርክ ቺፑ ላይ የነበረው ገንዘብ ግን እንደ ጠፋ የወረቀት ብር ሊቆጠር ይችላል፤ እዚያ ላይ የታክሲ ሒሳብ ያህል ይዘው ይሂዱ።