ባለቤቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቤቱ በጅምር ሥራ ሞልቷል

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የማይነካካው ነገር የለም። የመኝታ ቤቱ በር ተነቅሎ ግድግዳ ተደግፏል፣ ሳሎኑ ግማሹ ተቀብቶ ቀርቷል። በዚህ ወበቅ ላብ በላብ ሆኖ ይውላል። «አረፍ በል» ስለው ይቆጣል፤ ሥራው ሲበላሽበት ደግሞ ቀኑን ሙሉ አይናገርም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ «አረፍ በል» የሚሉት ለእሳቸው በማሰብ እንደሆነ ይገባኛል። ባለቤትዎ ግን «ከእንግዲህ አትጠቅምም» የተባሉ ያህል ሊሰማቸው ይችላል። መሥሪያ ቤት ከደመወዝ ሌላ የመነሻ ሰዓት፣ የሚጠብቅ ባልደረባና «ይህን ጨረስኩ» የሚያሰኝ ነገር ይሰጥ ነበር። ያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲቀር ብሩሽና መዶሻ ማንሳት ጤናማ ነገር ነው። ሥራውን ለማስቆም አይሞክሩ።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ሥራው ሲበላሽ ዝም ማለታቸው ነው። ምናልባት «እጄ ደክሟል፣ አርጅቻለሁ» እያሉ ይሆናል፤ ጥፋቱ ግን የአየሩ ሊሆን ይችላል። በውሃ የሚቀጠን ቀለም የሚደርቀው ውሃው ሲተን ነው። የአየሩ እርጥበት ከ85 በመቶ ሲያልፍ መድረቁ በጣም ይዘገያል፤ የመጀመሪያው እጅ ሳይደርቅ ሁለተኛው ከተደረበ ቀለሙ ይጨማደዳል፣ ይላጣል። እንጨትም እርጥበት ስቦ በወርዱ ያብጣል። በወበቅ ወቅት የተላገ በር አየሩ ሲደርቅ ክፍተት ያወጣል። ስለዚህ በሩን ከመላግ በፊት የማጠፊያዎቹን ብሎኖች ማጥበቅ ይቀድማል፤ ብዙ ጊዜ በር መቃኑን የሚነካው እነሱ ላልተው ስለሚዘም ነው። መላግ ግድ ከሆነም የሚነካውን ቦታ ብቻ በስሱ፤ የተላገውን ጠርዝ፣ የላይና የታች ጫፉን ጭምር፣ ወዲያው ቀለም ማልበስ ያስፈልጋል፤ አለዚያ እንደገና ውሃ ይስባል። አንድ ትንሽ የአየር እርጥበት መለኪያ ይግዙላቸው። ከቁጥሩ ጋር መሟገት ከእርስዎ ጋር ከመሟገት ይሻላቸዋል።

ሰዓቱንም ይነጋገሩበት። ጉልበት የሚጠይቀው ሥራ ገና ሳይሞቅ ማለዳ ይሁን። የውጭ ቀለም ግን በማለዳ አይሆንም፤ ጤዛው ደርቆ ግድግዳው ሲነካ እርጥበት እስከማይሰማ ድረስ ይጠብቃል። ላብ ሰውነትን የሚያበርደው ሲተን ነው፤ በወበቅ ግን ይንጠባጠባል እንጂ በደንብ አይተንም። ዕድሜ ሲገፋ የጥም ስሜትም ይቀንሳል። ስለዚህ ሙቀት ውስጥ ሲሠሩ ሳይጠማቸው በየ15 እስከ 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ መሃል መሃል ደግሞ ጥላ ውስጥ እረፍት። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለባቸው፣ ወይም ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ከወሰዱ፣ የውሃውን መጠን ሐኪም ይወስን። ንግግራቸው ከተደነቃቀፈ ወይም ግራ ከተጋቡ ጊዜ አይስጡ፤ ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ወስደው ሰውነታቸውን በውሃ እያራሱ ያራግቡ፣ አምቡላንስም ይጥሩ።

ውይይቱን በሥራ መሃል አያንሱት። ዕቃው ከተሰበሰበ በኋላ «የቱን ብንዘጋ ቤቱ ይቀልለናል?» ብለው ይጀምሩ። የተጀመረውን ሁሉ አብራችሁ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉና አንዱን ብቻ ምረጡ፤ በሩ ቢሆን እመርጣለሁ፣ በትንሽ ጊዜ ያልቃል። አጠገቡ «አልቋል» የሚባለው መቼ እንደሆነ ይጻፍ፦ ተገጥሞ፣ መቃኑን ሳይነካ ተዘግቶ፣ ጠርዙ ተቀብቶ። እሱ ሳያልቅ ሌላ አይከፈት። የጋራ ክፍሎችን በተመለከተ ውሳኔው የሁለታችሁ እንደሆነ ሳያፍሩ ይናገሩ፤ ቤቱ የእርስዎም ነው። ለእሳቸው ደግሞ ማንም የማይነካባቸው አንድ ጥግ ይተዉላቸው። እሳቸው በሌሉበት ጅምሩን በባለሙያ አያስጨርሱ፤ ድካምዎ ቢገባኝም ይህ በጣም ያዋርዳቸዋል። መሰላል የሚያስፈልገው ሥራ ሲደርስ የቀድሞ ባልደረባ ይጥሩ፤ ብቻቸውን እንዳይወጡም ይረዳል፣ ያጡትንም ጨዋታ ይመልስላቸዋል።

ጅምሮቹ እየተዘጉ ዝምታው ከቀጠለ፣ ወይም እንቅልፍና ምግብ እምቢ ማለቱ፣ ለሚወዱት ነገር ግድ ማጣቱ ሁለት ሳምንት ከዘለቀ የሥነ ልቦና ባለሙያ ይዩ። ለዓመታት የሚያውቁትን ሥራ ቅደም ተከተል መርሳት ከጀመሩ ግን በቅድሚያ ሐኪም ይመርምራቸው።