ለጭንቀት ከካናቢስ የወጣ ዘይት ብወስድ ኃጢአት ይሆንብኛልን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። በከተማችን የተኩስ ድምፅ ከሰማንባቸው ሌሊቶች ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። በቅዳሴ መካከል ልቤ በድንገት ይደልቃል፣ እጄ ይደነዝዛል፣ የምሞት እየመሰለኝ በሰው መካከል እየተጋፋሁ እወጣለሁ። ውጭ አገር ያለችው እኅቴ ከካናቢስ የወጣ፣ ሲቢዲ የሚባል ዘይት ልትልክልኝ ነው። ከምላስ ሥር በጠብታ ይወሰዳል፤ አያሰክርም ትላለች። ብወስደው ኃጢአት ይሆንብኛል? ወይስ ጸበል ብቻ ልጠመቅ? በዚህ ሁኔታዬ መቁረብም ፈርቻለሁ።

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ሸክም ላንሣልሽ። የልብሽ መደለቅ የእምነትሽ ማነስ ምልክት አይደለም። እንዲህ ብለው ሕመምተኛን የሚገሥጹ ሰዎች አሉ፤ በጣም ያሳዝነኛል። ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ከክትክታ ዛፍ በታች ሞቱን ሲለምን፣ መልአኩ አልገሠጸውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በልቶ ተኛ፤ ዳግመኛም ቀስቅሶ አበላው። መንገዱ ሩቅ መሆኑን የነገረው ከዚያ በኋላ ነው። ለደከመው ሰውነት እንቅልፍና ምግብ ከሰማይ ታዝዞለታል።

መድኃኒት መውሰድም ኃጢአት አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደ ፈጠረ፣ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ይናገራል። ወንጌላዊው ሉቃስ ራሱ ባለ መድኃኒት ነበር። ስለዚህ ቅጠሉ ከየትኛው ተክል ተቀጠፈ ብዬ አልፈርድብሽም። የምጠይቀው ሐዋርያው ጳውሎስ የጠየቀውን ነው፦ ይጠቅማል ወይ? በእኔ ላይስ ይሠለጥናል ወይ?

እኅትሽ ያለችው በከፊል እውነት ነው። በካናቢስ ውስጥ ከሚገኙት ብዙ ንጥረ ነገሮች አእምሮን የሚያሰክረው ቲኤችሲ ነው፤ ሲቢዲ አያሰክርም። እ.ኤ.አ. በ2011 በብራዚል በታተመ ጥናት፣ በሰው ፊት መናገር ከሚያስጨንቃቸው 24 ሕሙማን መካከል ገሚሶቹ 600 ሚሊግራም ሲቢዲ ወስደው ጭንቀታቸው ቀንሷል። ነገር ግን ይህ የተፈተነው ለአንድ ጊዜ ብቻ በተሰጠ መጠን ነው፤ በጠብታ የሚወሰደውም ብዙ ጊዜ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ከሲቢዲ የተሠራ መድኃኒት ሲያጸድቅ ለጭንቀት አላለም፤ ለከባድ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሰጋኝ ግን ጠርሙሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ሌላ ጥናት ተመራማሪዎች በኢንተርኔት የሚሸጡ 84 የሲቢዲ ምርቶችን ገዝተው ሲመረምሩ፣ በላዩ የተጻፈውና በውስጡ ያለው የተስማማው ከሦስቱ በአንዱ ገደማ ብቻ ነበር። በ18ቱ ውስጥ ደግሞ ቲኤችሲ ተገኝቷል። ቲኤችሲ ልብን የሚያስደልቅ፣ ፍርሃትን የሚቀሰቅስ ነገር ነው፤ አንቺ ከምትሸሺው ሕመም ጋር መልሶ ሊያገናኝሽ ይችላል። ሲቢዲም ብቻውን ቢሆን ጉበትን ሊጎዳ፣ ደም እንዳይረጋ እንደሚሰጠው ዋርፋሪን ካሉ መድኃኒቶች ጋርም ሊጋጭ ይችላል። ሕጉንም አትርሺ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፆችን ያለ ፈቃድ ማዘዋወርንና መጠቀምን ይቀጣል፤ ካናቢስም ከእነዚህ አንዱ ነው። እኅትሽ በፍቅር የላከችው ዕቃ አንቺን በፖሊስ ፊት እንዲያቆምሽ አልፈልግም። እንዳትልከው ንገሪያት።

ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሂጂ። ለጻፍሽልኝ ሁሉ ሐኪሞች የሚያውቁት ሕክምና አለ፤ በንግግርም፣ በመድኃኒትም። ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራም ልብ ይደልቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ስለዚህ የደም ምርመራው እንዲታዘዝልሽ ጠይቂ። ቡናም ቀንሺ። ከዘጌ ቡና ጋር ላደገ ሰው ይህን ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ነገር ግን እስከ በረካ የምትጠጪ ከሆነ፣ ቡናው የልብሽን ምት እያፋጠነ ፍርሃቱን ሊቀሰቅስብሽ ይችላል።

ጸበሉን ተጠመቂ። በጀልባ ተሻግረሽ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ብትሳለሚም ነፍስሽ ታርፋለች፤ ሐኪም ያዘዘልሽን ኪኒን ግን በቦርሳሽ ይዘሽ ሂጂ። ጸበል ስጠመቅ መድኃኒት አልወስድም ብለው በድንገት ያቋረጡ፣ ሕመሙም በርትቶባቸው የተመለሱ ምእመናን አሉ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ በነበሩበት ዘመን፣ ጸበልና የኤችአይቪ መድኃኒት ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውንና እንደማይጋጩ በግልጽ አስተምረዋል። ለአንቺም ያው ነው። ኪኒኑ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ከሆነ፣ ስለ ጾሙ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ እንጂ በራስሽ ፈቃድ አትወስኚ።

ስለ ቁርባን፦ ፍርሃት ከቅዱስ ቁርባን የሚከለክል ኃጢአት አይደለም። ይህን ሕመም ለንስሐ አባትሽ በግልጽ ንገሪያቸው፤ በቅዳሴ መካከል ለምን እንደምትወጪ ይወቁ። በሚቀጥለው እሑድ በሴቶች በር አጠገብ ቁሚ፤ የምታምኛት አንዲት እኅት ከጎንሽ ትሁን። ልብሽ መደለቅ ሲጀምር ወደ ዐጸዱ ወጥተሽ፣ በዝግታ እየተነፈስሽ «አቤቱ ማረኝ» በዪ፤ ሲበርድልሽ ተመለሺ።