መልስ፦ የቺካጎ የመጀመሪያው ከንቲባ ከሹመቱ በፊት ምን ይሰራ ነበር?

ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ከንቲባ ዊልያም ኦግደን ይባላል፣ የኒውዮርክ ልጅ ነው፣ ቺካጎ የሄደው በ1835 እ.ኤ.አ የእህቱ ባል የገዛውን መሬት ሊሸጥለት ነበር፣ ሲያየው ግን ጭቃና ረግረግ ሆኖበት በጣም ተናዶ ነበር አሉ ግን ሲሶውን ብቻ ሸጦ የተገዛበትን ብር መለሰ (የኛ ደላሎች ይስሙ)። በ1837 ከንቲባ ሲሆን ከተማው ውስጥ የነበረው ሰው 4 ሺህ ገደማ ነው፣ ስልጣኑ ላይ የቆየውም አንድ አመት ብቻ።

ለኔ ትልቁ ስራው ከዛ በኋላ የመጣው የባቡሩ ነገር ነው፣ የምስራቅ አሜሪካ ሀብታሞች ብር አንሰጥም ሲሉት ገበሬው ጋ እየዞረ አክሲዮን ሸጦ በ1848 የቺካጎን የመጀመሪያ ባቡር አስጀመረ። በ1871 ደግሞ አያድርስ ነው፣ ቺካጎ ያለው ቤቱም ዊስኮንሲን ፔሽቲጎ ያለው የእንጨት ፋብሪካውም በአንድ ሌሊት ተቃጠሉበት፣ ሁለት የተለያየ እሳት!