ጥያቄና መልስ፦ የሴል ገጽ ፕሮቲኖችና የሜላኖማ ስርጭት

መላሽ፦ ስለ ሜላኖማ (ከቆዳ ቀለም ሰጪ ሴሎች የሚነሳ ካንሰር) ሴል ገጽ ፕሮቲኖች ጠይቁ። የቆዳ ነጠብጣብ ፎቶ አልመለከትም።

ሰላም፦ ዶክተር፣ ሜላኖማ እንዲሰራጭ የሚያደርገው የትኛው ፕሮቲን ነው?

መላሽ፦ አንድ ብቻውን አይደለም። ጤነኛ ሜላኖሳይት (ቀለም ሰጪ ሴል) ከጎረቤቱ ኬራቲኖሳይት (ዋናው የላይኛ ቆዳ ሴል) ጋር ኢ-ካድሄሪን በሚባል አያያዥ ፕሮቲን ተያይዞ ይኖራል፤ መራባቱንም ኬራቲኖሳይቱ ይገታዋል። ኢ-ካድሄሪን ቀንሶ ዘመዱ ኤን-ካድሄሪን ሲበዛ ሴሉ ከዚህ ቁጥጥር ይወጣና ኤን-ካድሄሪን ካላቸው ፋይብሮብላስቶች (የቆዳ ደጋፊ ሴሎች) እና የደም ሥር ሴሎች ጋር ይያያዛል። ዕጢው ወደ ቆዳው ጥልቀት ማደግ ሲጀምር ደግሞ ሴሉ በዙሪያው ካለው ነገር ጋር የሚጣበቅበት ፕሮቲን፣ ኢንተግሪን አልፋ-ቪ ቤታ-3፣ ይጨምራል።

ብሩክ፦ በፍሎው ሳይቶሜትሪ (የተላቀቁ ሴሎችን በአንቲቦዲ ቀልሞ አንድ በአንድ በሚለካ ማሽን) ኢ-ካድሄሪን ጠፋብኝ፤ ሴሎቹን ሳህኑ ላይ አፍርሼ ዌስተርን ብሎት (ከፈረሱ ሴሎች ፕሮቲንን የሚለይ ምርመራ) ስሠራ ግን አለ። ሴሎቹ ተቀይረው ነው?

መላሽ፦ በምን እንዳላቀቅሃቸው አልጻፍክም። በትሪፕሲን-ኢዲቲኤ (ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም ካልሲየም ከሚይዝ ኬሚካል ጋር) ከሆነ ምክንያቱ እሱ ነው። ካልሲየም የያዘ ኢ-ካድሄሪንን ትሪፕሲን አይቆርጠውም፤ ኢዲቲኤ ካልሲየሙን ሲወስድ ግን ከሴሉ ውጭ ያለው ክፍል ይቆረጣል። አንቲቦዲህ የሚይዘው ያንኑ ክፍል ነው።

ካልሲየምና ማግኒዥየም በሌለው ፒቢኤስ (የጨው መፍትሔ) ሁለቴ እጠብ። 2 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ ብቻ ጨምረህ በ37 ዲግሪ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ተው፣ በፒፔት ቀስ ብለህ አላቅቅ። ከዚያ በኋላ ሁሉም በበረዶ ላይ ይሁን። በማቅለሚያው ባፈር ውስጥ 1 ሚሊሞላር ካልሲየም ይኑር፤ አንዳንድ አንቲቦዲዎች ካልሲየም የያዘውን ቅርጽ ብቻ ነው የሚያውቁት። ካልሲየሙ ሲመለስ ሴሎቹ ስለሚጓጉሉ ወደ ማሽኑ ከማስገባትህ በፊት በ40 ማይክሮሜትር ማጣሪያ አሳልፍ። የሞተውን ሴል የሚለይ ቀለምም ጨምር፤ የሞተ ሴል ያገኘውን አንቲቦዲ ሁሉ ይይዛል።

ሄለን፦ ሴል ለማላቀቅ የሚሸጠው የኢንዛይም ድብልቅ አኩቴዝስ?

መላሽ፦ ገር ነው፣ ግን እሱም ይቆርጣል። ከኢዲቲኤ ጋር ጎን ለጎን ሳታወዳድሪ አትመኚው።

ዳዊት፦ ኢንተግሪኑ ያን ያህል ወሳኝ ከሆነ እሱን የሚከለክለው መድኃኒት ሲለንጊታይድ ለምን ከሸፈ? ይህ ኢንተግሪኑ ተሳፋሪ እንጂ የስርጭቱ አሽከርካሪ አለመሆኑን አያሳይም?

ሄለን፦ አያሳይም። እ.ኤ.አ. በ2009 በአይጥ ላይ በወጣ ጥናት መድኃኒቱ በዝቅተኛ መጠን ጭራሽ የዕጢ እድገትን አበረታቷል። የመጠን ችግር ሊሆን ይችላል።

ዳዊት፦ አይጥና ሰው አንድ አይደሉም።

መላሽ፦ ተዉት፣ ሁለታችሁም ግማሹን ይዛችኋል። በሜላኖማ ውጤቱ ደካማ ነበር፤ በግሊዮብላስቶማም (የአንጎል ካንሰር) በትልቅ ሙከራ ዕድሜ አላራዘመም። ግን የሜላኖማ ሕመምተኞቹ መድኃኒቱን የጀመሩት ካንሰሩ ከተሰራጨ በኋላ ነው። መጣበቅን መከልከል አስቀድሞ የተጣበቀውን አይነቅልም።

ሰናይት፦ በካንሰር ሴል ገጽ ላይ ያለው ፒዲ-ኤል-1ም ሜላኖማን ያሰራጫል?

መላሽ፦ ዋና ሥራው ቲ-ሴልን (ካንሰርን የሚያጠቃ የመከላከያ ሴል) ማብረድ ነው። የካንሰር መድኃኒቶቹ ኒቮሉማብና ፔምብሮሊዙማብ ደግሞ የሚይዙት ቲ-ሴሉ ላይ ያለውን ፒዲ-1 ነው፤ አታደባልቁ።

ናሆም፦ ሜላኖማ ጥቁር ቆዳ ያለን ሰዎችን አያሰጋንም አይደል?

መላሽ፦ ያሰጋል። በእኛ ላይ በብዛት የሚወጣው በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ነው። ጥፍር ላይ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር መስመር ካለህ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂድ።

ተማሪ፦ የእኔም ካድሄሪን በፍሎው አይታይም፤ ምን ላድርግ?

መላሽ፦ ለብሩክ የጻፍኩትን አንብብ። በትሪፕሲን አታላቅቅ።

መቅደስ፦ ትራንስዌል (ሴሎች በቀዳዳ ባለው ስስ ሽፋን ማለፋቸውን የሚለካ ሙከራ) አልሠራልኝም።

መላሽ፦ «አልሠራም» ማለት ምን ማለት ነው? ሴል አላለፈም ወይስ ሁሉም አለፈ? ቀዳዳው 8 ማይክሮሜትር ይሁን፤ ከላይ ሴረም (ሴልን የሚስብ የደም ፈሳሽ) የሌለው፣ ከታች 10 በመቶ ሴረም ያለው ሚዲያ አድርጊ። ሴረም ከሁለቱም በኩል ካለ ሴሉ ወደ ታች የሚሄድበት ምክንያት የለውም። ከመቁጠርሽ በፊት በላይኛው ገጽ የቀሩትን በጥጥ ጥረጊ። ሴሎቹን ያላቀቅሽው በትሪፕሲን ከሆነም መጀመሪያ እሱን ቀይሪና ተመለሺ።