አንደኛው ለምን በመቶኛው ይሸነፋል? የድሬ ቴኒስ ወዳጆች ጥያቄና መልስ

ድሬ ላይ ኳስ ማለት እግር ኳስ ነው። ያም ሆኖ ትልልቆቹ የቴኒስ ውድድሮች ሲመጡ ከዚራ ካፌ ውስጥ ቻናል የሚቀይር አይጠፋም። ከዚያ ክርክሩ ይነሳል። እኔ ልጆች ሳለማምድ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ጥያቄው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። በተለይ አንዱ አይቀርም፦ የዓለም አንደኛ የሆነው ተጫዋች በ100ኛው ሲሸነፍ ምን ነካው? ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከየሰፈሩ ጠየቃችሁኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ከከዚራ፦ አቦ አታካብድ! ናቀው፣ ተሸነፈ። ሌላ ምን አለው?

ይቺን መልስ ስሰማ ኖሬአለሁ፤ አልወዳትም። በየሳምንቱ ሰው የሚንቅ ተጫዋች አንደኛ ሆኖ አይቆይም። ነገሩ ያለው ቁጥሩ ላይ ነው። ሮጀር ፌደረር በ2024 ዳርትማውዝ ኮሌጅ ለተመራቂዎች ሲናገር አንድ ነገር አነሳ። በነጠላ ከተጫወታቸው 1,526 ጨዋታዎች 80 በመቶ ገደማ አሸንፏል። ከነጥቦቹ ያሸነፈው ግን 54 በመቶ ብቻ ነው። ከ100 ነጥብ 46ቱን እየተነጠቀ ነው እንግዲህ ንጉሥ የሆነው።

ከሳቢያን፦ 54 እንዴት 80 ይሆናል? ሒሳቡ አልገባኝም።

ቴኒስ ትንሿን ብልጫ ያባዛታል። ነጥብ ተሰብስቦ ጌም ይሆናል፣ ጌም ተሰብስቦ ሴት (የጨዋታው አንድ ክፍል) ይሆናል፣ ሴት ተሰብስቦ ጨዋታ ይሆናል። በየደረጃው ልዩነቱ ይሰፋል። እያንዳንዱን ነጥብ 55 በመቶ የማሸነፍ ዕድል ያለው ሰው ከሦስት ሴት ሁለቱን የወሰደ በሚያሸንፍበት ጨዋታ ከ10 ጊዜ 9 ጊዜ ገደማ ያሸንፋል። አሁን 55ቱን ወደ 52 አውርዱት። ከ10 ወደ 7 ገደማ ይወርዳል።

ያቺ 3 ነጥብ ናት ሁሉን የምትቀይረው። እንቅልፍ ያጣ ሰው፣ ትከሻው የከበደው ሰው፣ ሰርቩ (ነጥብ የሚጀመርበት ምት) በትንሹ የተዛነፈበት ሰው ከ100 ነጥብ 3 ይጥላል። በቴሌቪዥን አይታይም እኮ! ኮሜንታተሩ «አስደንጋጭ» እያለ ይጮሃል፤ ሜዳው ላይ የተለወጠው ግን ይህችው ናት። በወንዶች ግራንድ ስላም (የዓመቱ አራት ትልልቅ ውድድሮች) ከአምስት ሦስት ስለሆነ ብልጫ ያለው ሰው የበለጠ ይጠበቃል፤ ጨዋታው በረዘመ ቁጥር አጋጣሚ ቦታ ያጣል።

ከገንደ ቆሬ፦ ታዲያ ዕድል ነው በለና እንገላገል።

ዕድልማ አለበት። ግን ዕድል ብቻውን ሮቢን ሶደርሊንግን አይሠራም። 2009 ላይ ሶደርሊንግን እስኪገጥም ድረስ ራፋኤል ናዳል በሮላን ጋሮ (የፈረንሳዩ የሸክላ ሜዳ ግራንድ ስላም) በጠቅላላው 31 ጨዋታ ተጫውቶ 31ዱንም አሸንፎ ነበር። አራት ዋንጫ በተከታታይ ወስዷል። 4ኛ ዙር ላይ የገጠመውን ሶደርሊንግን ደግሞ ከሳምንታት በፊት ሮም ላይ 6 ለ 1፣ 6 ለ 0 ሸኝቶታል። ማን ይጠረጥራል?

ናዳል ግራኝ ነው። ፎርሃንዱ (ራኬት በያዘበት እጅ በኩል የሚመታው ምት) ኳሷን ከታች ወደ ላይ እየጠቀለለ ይመታታል። ሸክላ ሜዳ ላይ ስትነጥር በቀኝ እጁ የሚጫወተው ሰው ባክሃንድ (በሌላው ጎን የሚመታው ምት) ጋ ትከሻ ድረስ ትወጣለች። በአንድ እጅ ባክሃንድ ለሚመታ ሰው መከራ ናት፤ ፌደረርን ጠይቁት። ሶደርሊንግ ግን ቁመቱ 1 ሜትር ከ93 ነው፣ ባክሃንዱም በሁለት እጅ ነው። ሌላውን የምታሰቃየው ኳስ ለእሱ ልክ መምቻው ላይ ትመጣለች። ወደ ኋላ ሳይሸሽ፣ ሳይጠቀልል፣ ጠፍጣፋ አድርጎ ደበደባት። 6 ለ 2፣ 6 ለ 7፣ 6 ለ 4፣ 7 ለ 6 አለቀ።

የናዳል ደጋፊዎች እዚህ ጋ «ጉልበቱ!» ይላሉ። እውነት ነው፣ ጉልበቱን ታሞ ነበር፤ ለዚያው ዓመት ዊምብልደንም አልደረሰም። እኔ ሁለቱም ይሠራል ባይ ነኝ። ያመመው ናዳል ሌላውን ሁሉ ምናልባት ያሸንፍ ነበር። ያቺን ኳስ የማይፈራ ረጅም ሰው ግን በዚያው ቀን ደረሰበት። በ2010 ፍጻሜ ተገናኙ፤ ናዳል በሦስት ተከታታይ ሴት ጨረሰው።

ከሐረር፣ ጁገል አካባቢ፦ ድሬ ያለው ጓደኛዬ ወርጄ ስገጥመው ይደበድበኛል፤ ሐረር ሲመጣ እኔ እደበድበዋለሁ። ምክንያት አለው ወይስ ራሴን ላሞካሽ?

ትንሽ አሞካሽ፣ ቀሪውን ለአየሩ ተውለት። ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ገደማ። የደንገጎን ዳገት ሲወጣ አየሩ ይሳሳል። በሳሳ አየር ኳሷን የሚይዛት ነገር ይቀንሳል። ጓደኛህ እንደለመደው ሲመታ ትሄድበታለች፤ አንተ መጠኑን ታውቀዋለህ። የዓለም አቀፉ ቴኒስ ፌዴሬሽን ደንብ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ የተለየ የከፍታ ኳስ አለው። ድሬ መስመሩ አካባቢ፣ ሐረር ከመስመሩ በላይ መሆኑ ነው! ክሩን ትንሽ አጥብቆ ይምጣ፣ ምቱንም ያሳጥር በለው።

ትልልቆቹም ላይ ይህ አለ። ሣር ላይ ኳስ ዝቅ ብላ ትንሸራተታለች፤ ለዚህ ነው በሣር የሚደረገው ዊምብልደን የማይታወቅ ሰው የሚወደው። በ2013 116ኛ የነበረው ሰርጊ ስታኮቭስኪ ሰርቭ እየመታ ወደ መረቡ እየሮጠ ፌደረርን 2ኛ ዙር ላይ አስወጣው። ሸክላ ላይ ያንን ቢሞክር ኳሱ በጎኑ እያለፈች ሲያይ ይውል ነበር።

ከመጋላ፦ ሴሬና ዊልያምስ በ2015 ዩኤስ ኦፕን የተሸነፈችውስ? እዚያ ጭንቀት አልነበረም ልትለኝ ነው?

ነበረ እህቴ፣ ያውም ብዙ። የዓመቱን ሦስት ግራንድ ስላም ወስዳለች። አራተኛውን ብትጨምር ከስቴፊ ግራፍ የ1988 ድል በኋላ የመጀመሪያዋ ትሆናለች። ግማሽ ፍጻሜ ላይ 43ኛዋን ሮበርታ ቪንቺን ገጠመች፤ ከዚያ በፊት በተገናኙባቸው ጨዋታዎች ቪንቺ አንድ ሴት እንኳ ነጥቃት አታውቅም። የመጀመሪያውን 6 ለ 2 ወሰደች። ቀጥሎ 4 ለ 6፣ 4 ለ 6።

ቪንቺ ስላይስ (ኳሷን ከሥር እየቆረጠች) ትመታለች፤ ኳሷ ዝቅ ብላ፣ ቀስ ብላ ትመጣለች። የተጨነቀ ሰው ደግሞ እግሩ ይከብደዋል፣ ለዝቅተኛ ኳስ አይጎነበስም። ጭንቀቱ ብቻውን ቢሆን ትወጣው ነበር። ስላይሱም ብቻውን ከዚያ በፊት አልጎዳትም።

ከለገሐሬ፦ ጨዋታውን ሸጦት ቢሆንስ?

ጨዋታ ሸጠው የተቀጡት ተጫዋቾች አብዛኞቹ ብዙ ገንዘብ ከሌለባቸው ትናንሽ ውድድሮች ናቸው። ሻምፒዮኑ በማሸነፍ የሚያገኘው ይበልጥበታል። ለዚህ ማስረጃ ካልያዛችሁ ዝም በሉ።

ከአዲስ ከተማ፦ 100ኛ ማለት ግን ደካማ ማለት አይደለም እንዴ?

በዓለም 100ኛ ነው እኮ ወንድሜ! ደግሞ ደረጃው የ52 ሳምንት ነጥብ ድምር ነው። ተጎድቶ ስድስት ወር የተኛ ሰው ችሎታው ሳይሄድ ቁጥሩ ይወርዳል። ጎራን ኢቫኒሴቪች በ2001 ዊምብልደንን ሲወስድ 125ኛ ነበር፤ ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ፍጻሜ የደረሰ ሰው መሆኑን ቁጥሩ አልነገረንም።

ከነምበር ዋን ሰፈር፦ ሻምፒዮኖቹን ብቻ መርጬ 10 ጨዋታ አንድ የውርርድ ትኬት ላይ ቆረጥኩ። ሁሌ ገንዘቤ ይበላል። የት ነው የተሳሳትኩት?

እያንዳንዳቸው ከ10 ጊዜ 9 ጊዜ የሚያሸንፉ ናቸው እንበል። አስሩም በአንድ ቀን የማሸነፋቸው ዕድል 35 በመቶ ገደማ ነው። ከሦስት ትኬት ሁለቱ መበላቱ ነው። አንዱ የሆነ ቦታ ስታኮቭስኪውን ያገኛል። ብርህን ለጁስ አድርገው።

እንደገና ከሳቢያን፦ ሻምፒዮኑ ሊሸነፍ መሆኑን ቀድመን እንዴት እንወቅ?

ውጤቱን ተዉትና የሻምፒዮኑን ሁለተኛ ሰርቭ (የመጀመሪያው ሲስት የሚመታውን) ተመልከቱ። ደካማው ተጫዋች በዚያ ሰርቭ ላይ ወደ ፊት ገብቶ እየመታ ከሆነና ሻምፒዮኑ ከኋላ መስመር እየራቀ ከሄደ፣ 4 ለ 4 ቢሆኑም ችግር አለ። ነጥብ ከጠፋ በኋላ ሻምፒዮኑ አሰልጣኙ ወዳለበት ስንት ጊዜ እንደሚዞርም ቁጠሩ። እኔ ሲበዛብኝ ሒሳቤን ከፍዬ ወንበሬን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጋለሁ።