ከልጅ ልጅ ጋር ቼዝ መጀመር

ጥያቄ፦ በሰፈራችን በየትኛውም ዕድሜ ላሉ ጀማሪዎች የቼዝ ትምህርት ሊሰጥ ነው። የስምንት ዓመት የልጅ ልጄ አብረን እንማር ይለኛል። እኔ የማውቀው አባቴ ያስተማረኝን የጥንቱን ሰንጠረዥ (የአገራችንን ባህላዊ ቼዝ) ብቻ ነው፤ አያደናግረኝም ይሆን? (ጡረተኛ፣ ከደሴ)

መልስ፦ አብረው ይመዝገቡ። ሁለቱም ጨዋታዎች 64 ቤቶች ባሉት ሰሌዳ ላይ ለእያንዳንዱ ወገን በሚሰለፉ 16 ጠጠሮች የሚካሄዱ ሲሆን፣ የፈረሱ አዘላለል አንድ ነውና ብዙዎቹን ጀማሪዎች የሚያስቸግረውን ነገር እርስዎ አስቀድመው ያውቁታል።

ጥንቃቄ የሚያሻው አጀማመሩ ላይ ነው። በሰንጠረዥ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደ ልባቸው ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ይህም ወረራ ይባል ነበር። በቼዝ ግን ነጩ ይጀምራል፣ ከዚያም ተራ በተራ ብቻ ነው፤ በውድድር ደንብ ደግሞ ሆን ብለው የነኩትን ጠጠር፣ ሕጉ እስከፈቀደ ድረስ፣ ማንቀሳቀስ ግዴታ ስለሆነ፣ እጅዎን ሳይሰነዝሩ ማሰብን ይልመዱ። በሰንጠረዥ በሰያፍ አንዲት ቤት ብቻ በሚራመደው ፈርዝ ቦታም በቼዝ በሁሉም አቅጣጫ እስከፈለገች የምትሄደው ንግሥት ተተክታለች፤ ይህች ሳትታሰብ መጥታ ብዙ ጠጠር ታስበላዎታለች።

አስተማሪው ተማሪዎችን በዕድሜ ሳይሆን በችሎታ እንዲያጣምር፣ መጀመሪያም በንጉሥና በወታደሮች ብቻ እንዲያለማምዳችሁ ይጠይቁ። ልጁ ቀድሞዎት ቢያሸንፍ (ማሸነፉም አይቀርም) ያሸነፈበትን መንገድ መልሶ እንዲያሳይዎት ያድርጉ።