ሰርቨሩ የማነው? (ጌም ለምትወዱ ልጆች)

እንዴት ናችሁ ልጆች። እኔ ኔትወርክ ላይ 20 ምናምን አመት የሰራሁ ሰው ነኝ፣ ቢሮ አዲስ የሚመጡት ኢንተርኖች ጋሼ ነው የሚሉኝ፣ መጀመሪያ ሰሞን ይከነክነኝ ነበር አሁን ለምጄዋለሁ። ባለፈው አንዱ "ጋሼ እናንተ በዛን ጊዜ ምን ትጫወቱ ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ፣ ካውንተር ስትራይክ 1.6 (በቡድን የሚጫወቱት የተኩስ ጌም) ስለው ዩትዩብ ላይ ከፍቶ አየውና ሳቀ። ሰዎቹ ከካርቶን የተሰሩ ይመስላሉ አለ። እውነቱን ነው፣ ይመስላሉ።

ያልነገርኩት ነገር ግን ዛሬ እንጀራ የምበላበትን ሙያ ግማሹን ያስተማረኝ ያ ካርቶን መሆኑን ነው።

በ97 አካባቢ ግቢ እያለን ኢንተርኔቱ ኢሜል ለመክፈት እንኳን ያስለምን ነበር፣ ስለዚ ለኛ ኦንላይን ማለት ከጎረቤት ዶርም ጋር መገናኘት ማለት ነው። ጌሙ በሲዲ ነው የሚዞረው (ገዝተን እንዳይመስላችሁ፣ ኮፒ ነው፣ ይሄን ደብቄ ብመክራችሁ ነውር ነው)። ሁለት ኮምፒውተር ብቻ ከሆነ ኬብሉን ባንዱ ጫፍ ብርቱካናማውንና አረንጓዴውን ጥንድ አቀያይረህ ክሮስ ኦቨር ትሰራና አለቀ፣ ሶስት ከሆናችሁ ግን ስዊች (ኬብሎቹን ሁሉ የሚያገናኝ ሳጥን) የግድ ነው፣ ስዊች ደሞ የለንም፣ አዋጥተን ያገለገለ ባለ 8 ፖርት ገዛን። ከዛ ማን የትኛውን አይፒ (የኮምፒውተሩ የኔትወርክ አድራሻ) እንደሚይዝ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ ምክንያቱም ሁለት ሰው አንድ አይፒ ከያዘ ከጌሙ በፊት ጸቡ ነው የሚጀምረው። የኔ ማሽን ትንሽ ሻል ስለሚል ሰርቨሩን (ሁሉም ገብቶ የሚጫወትበትን) የምከፍተው እኔ ነበርኩ፣ ልጆቹ የኔን አይፒ ጽፈው ከኋላው 27015 (የጌሙ የፖርት ቁጥር) ጨምረው ይገባሉ፣ ማፑ ያው ደስት 2 ነው፣ ህጉን የምናወጣው እኛ። አንድ ልጅ በስናይፐር ማንንም አላስቀምጥ ሲል ስናይፐር የተከለከለበት ሳምንት ሁላ ነበር፣ ልጁ አኩርፎ ምሳ ከኛ ጋር አልበላም አለ፣ በሶስተኛው ቀን በሽጉጥ ብቻ ጨረሰንና ክልከላውን አነሳንለት።

ብሩንም ልንገራችሁ። ሁሉም ሰው በ800 ዶላር ነው የሚጀምረው፣ የጌሙ ዶላር ማለቴ ነው፣ ስትገል ስታሸንፍ ይጨመርልሃል፣ ከ16,000 አያልፍም። ስናይፐሩ 4,750 ነው፣ ጓደኛህ ከሌለው ገዝተህ ትጥልለታለህ። የሀብታም ልጅም የኔ ቢጤውም እኩል 800። አሁን የዚሁ ጌም አዲስ ትውልድ በሆነው ላይ ከ2013 ጀምሮ (በፈረንጅ) የመሳሪያ ቀለም በእውነተኛ ገንዘብ ይሸጣል፣ ቁልፍ ገዝተህ ሳጥን ትከፍታለህ ምን እንደሚወጣልህ አታውቅም። ቤልጂየም በ2018 ይሄ ቁማር ነው ብላለች፣ የፊፋ ኳስ ጌሙን የተጫዋች ፓክ ጨምሮ። እኔም ቁማር ነው ባይ ነኝ፣ ቀለሙ አንድ ጥይት እንኳን አያስመታህም።

የሚቆጨኝ ግን ከብሩ ይልቅ ሰርቨሩ ነው። ዘ ክሩ የሚባል የመኪና ጌም ነበር፣ ዩቢሶፍት በ2014 አውጥቶት ሰው ከፍሎ ገዛው፣ ማርች 31፣ 2024 ላይ ሰርቨሩን ዘጉት በቃ፣ ዲስኩ እጅህ ላይ እያለ ብቻህን መንዳት እንኳን አትችልም። የኛ 1.6 ግን ሁለት ላፕቶፕና አንድ ኬብል ካለ ዛሬም ይነሳል። ሩንስኬፕ የሚባለውን የኦንላይን ጌም የሚወዱት ሰዎች እድለኞች ናቸው፣ የድሮው ይመለስልን ብለው ሲጮሁ ድርጅቱ የኦገስት 2007 ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ተቀምጦ አገኘና በ2013 መልሶ ከፈተላቸው። አንድ ባክአፕ! ባይኖር አለቀለት ማለት ነው። (ባክአፕ ያልያዘ ሰው እኔ ጋ ስራ እንዳይጠይቅ።)

ድሮ ሁሉ ጥሩ ነበር እያልኩ አደለም። አንድ ሴሚስተር በዚሁ በ1.6 ምክንያት ኤፍ አግኝቻለሁ፣ ያውም በኔትወርኪንግ ኮርስ። እናንተ ደሞ እኛ ያላየነው አላችሁ፣ ዱባይ ካለች የአክስትህ ልጅ ጋር በስልክ ፐብጂ መጫወት ለኛ ተረት ነበር። ፒንግ (መልእክቱ ሰርቨሩ ጋ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ) ከፍ ሲል ግን ቴሌን ብቻ አትሳደቡ፣ ሰርቨሩ ብዙ ጊዜ ከሀገር ውጪ ነው፣ ፍራንክፈርት ቢሆን ቀጥታ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው የሚሄደው፣ ደርሶ መልሱ ምንም ብታደርግ ከ50 ሚሊሰከንድ አይወርድም። ዶርማችን ውስጥ ከ5 በታች ነበር።

ስለዚ ጌም አቁሙ አልላችሁም፣ እሱን እናቶቻችሁ ይንገሯችሁ። እኔ የምለው አንዴ ሰርቨሩን ራሳችሁ ክፈቱት ነው። ማይንክራፍት ጃቫው አሁንም ይፈቅዳል፣ አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃል። ጓደኛችሁ "አልገባም አለኝ" ሲላችሁ ፋየርዎል (ከውጪ የሚገባውን የሚያግደው) ነው፣ አይፒ ነው፣ ኬብል ነው እያላችሁ ስትፈልጉ የምታመሹት ማታ ከየትኛውም ኮርስ በላይ ነው።

ለፋሲካ የእህቴ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ቤት መጥቶ ገና ሳይቀመጥ የዋይፋይ ፓስዎርድ ጠየቀኝ። ዛሬ ዋይፋይ የለም ብዬ ያንን ባለ 8 ፖርት ስዊች ከቁምሳጥን አወጣሁት፣ መብራቱ በራ፣ እኔ ራሴ አላመንኩም። አይፒውን እያንዳንዳቸው በእጃቸው አስገቡ፣ አንዱ ሁለቴ ተሳሳተ፣ ደስት 2 ተከፈተ። አጎትየው ብዙም ሳይቆይ ከጀርባው በቢላ ሞተ። ሳቁ ጎረቤት ተሰማ።

ሲሄድ ስዊቹን ለዶርም ብሎ ወሰደው። እስካሁን አልመለሰም።